የባትሪ ፐርሰንት ስሌት እንጂ ማታለያ አይደለም፤ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ፣ በስክሪናችን ጥግ የምናየው የባትሪ ፐርሰንት አምራቾች ሆን ብለው የሚያዛቡት ቁጥር ነው ይላል። የጸሐፊው መከራከሪያ ባጭሩ እንዲህ ነው። ስልክ የባትሪውን ቮልቴጅ እንደ መኪና የነዳጅ ጌጅ አንብቦ የሚያሳይ በመሆኑ ትክክለኛውን ቁጥር ለማሳየት የሚከለክለው ነገር የለም፤ መቶ ላይ ተገትሮ የሚቆይ፣ ሃምሳው ቶሎ የሚያልቅና ዜሮ ሳይደርስ የሚጠፋ ስልክም የማታለሉ ማስረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የአፕል ኩባንያ የተጋለጠበት ጉዳይ ይህንኑ እንደሚያረጋግጥ፣ የአዲስ አበባ ከፍታና ብርድም ነገሩን እንደሚያባብሱት ያክላሉ። መፍትሔ ብለው ያቀረቡት ደግሞ ስልኩን ፍላሽ ማስደረግን (ሶፍትዌሩን እንደ አዲስ ማስጫንን)፣ ባትሪውን በየሳምንቱ እስኪጠፋ ድረስ ጨርሶ እንደገና መሙላትን፣ አዲስ ስልክ ሲገዛ ለስምንት ሰዓት ቻርጅ ማድረግን እና እውነተኛውን አቅም በመለኪያ መተግበሪያ ማረጋገጥን ነው።

ይህ ጽሑፍ ዝም ብሎ የሚታለፍ ቢሆን ኖሮ መልስ መስጠት ባላስፈለገ ነበር። ነገር ግን ከስታዲየም እስከ ሜክሲኮ ባሉት የሞባይል ጥገና ሱቆች ውስጥ ጽሑፉን ለባለሙያው እያሳዩ «ባትሪውን ተወው፣ ሶፍትዌሩን ብቻ አስተካክልልኝ» የሚሉ ደንበኞች በርክተዋል፤ ለማያስፈልግ ሥራ ገንዘብ ይከፍላሉ፣ ያረጀውን ባትሪም ይዘውት ይመለሳሉ። ስለዚህ ነጥቦቹን አንድ በአንድ ማየት ተገቢ ነው።

ከመሠረቱ ስንነሳ፣ ስልክ ቮልቴጅን ብቻ አንብቦ ወደ ፐርሰንት ይቀይራል የሚለው አባባል ትክክል አይደለም፤ እንዲያ ቢሆን ኖሮ የምናየው ቁጥር አሁን ካለው እጅግ የባሰ በሆነ ነበር። በስልኮቻችን ውስጥ ያለው የሊቲየም-አዮን ባትሪ ሲሞላ 4.2 ቮልት፣ በአዳዲሶቹ ስልኮች ደግሞ እስከ 4.45 ቮልት ገደማ ይደርሳል፤ ስልኩ የሚጠፋው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቮልቴጁ ከ3 ቮልት በታች ከመውረዱ አስቀድሞ ነው። በእነዚህ ሁለት ጫፎች መካከል ግን ቮልቴጁ በእኩል መጠን አይቀንስም። ላዩ ላይ ፈጠን ብሎ ይወርዳል፣ መሐል ላይ እምብዛም አይንቀሳቀስም፣ ሊያልቅ ሲል ደግሞ በድንገት ይወድቃል። ለምሳሌ 4.2 ቮልት የሚሞላ የተለመደ ባትሪ ከ50 ፐርሰንት ወደ 20 ፐርሰንት ሲወርድ፣ ሥራ ላይ ሳይሆን አርፎ ሲለካ፣ ቮልቴጁ የሚቀንሰው ወደ 0.1 ቮልት ገደማ ብቻ ነው። ሠላሳ ፐርሰንት በ100 ሚሊቮልት ውስጥ ታጭቋል ማለት ነው፤ ለአንድ ፐርሰንት የሚደርሰው ሦስት ሚሊቮልት ያህል ነው።

በዚህ ላይ ባትሪው ውስጣዊ ሬዚስታንስ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገታ ባሕርይ አለው። ስልኩ አንድ አምፒር በሳበ ቁጥር፣ ሬዚስታንሱ 0.1 ኦም ቢሆን፣ ከባትሪው ጫፍ የሚነበበው ቮልቴጅ በ0.1 ቮልት ይወርዳል። ጸሐፊው የሚፈልጉት ዓይነት በቮልቴጅ ብቻ የሚሠራ ስልክ ቢኖር፣ ቪዲዮ መቅረጽ ስንጀምር ሠላሳ ፐርሰንት ጠፍቶ፣ ካሜራውን ስንዘጋ ተመልሶ ሲመጣ እናይ ነበር። የነዳጅ ጌጁ ንጽጽር የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው፤ የመኪና ታንክ ውስጥ ያለውን ነዳጅ በደረጃው ማየት ይቻላል፣ በባትሪ ውስጥ የቀረውን ቻርጅ ግን በቀጥታ የሚያይ ምንም መሣሪያ የለም።

ታዲያ ስልኩ ምን ያደርጋል? ይቆጥራል። ከባትሪው በሚወጣው መስመር ላይ እጅግ አነስተኛ ሬዚስታንስ ያላት፣ ብዙ ጊዜ ከ10 ሚሊኦም የማትበልጥ አንዲት ሬዚስተር ትቀመጣለች። ቆጣሪው ቺፕ በእርስዋ ላይ የሚፈጠረውን ጥቃቅን ቮልቴጅ እያነበበ በእያንዳንዱ ቅጽበት ምን ያህል የኤሌክትሪክ ፍሰት እንደገባና እንደወጣ ያሰላል፣ ከጊዜ ጋር እያባዛም ይደምራል። ባለ 5,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ባትሪ ወደ 18,000 ኩሎም (የቻርጅ መለኪያ) ቻርጅ ይይዛል፤ የቺፑ ሥራ ከዚህ ውስጥ የወጣውንና የገባውን መዝግቦ መያዝ ነው። ወደ መጋዘኑ ውስጥ መግባት ሳይችል፣ በሩ ላይ ቆሞ የሚገባውንና የሚወጣውን ኩንታል ብቻ እየመዘገበ የቀረውን እንዲናገር የሚጠየቅ ሠራተኛ ያለበት ሁኔታ ይህንን ይመስላል።

እንዲህ ያለው ቆጠራ ለአጭር ጊዜ እጅግ ጥሩ ነው፤ እየቆየ ሲሄድ ግን ጥቃቅን ስሕተቶች ይጠራቀማሉ። ስልኩ 300 ሚሊአምፒር ሲስብ በ10 ሚሊኦም ሬዚስተር ላይ የሚገኘው ቮልቴጅ 3 ሚሊቮልት ብቻ ነው። ቺፑ በንባቡ ላይ የ10 ማይክሮቮልት ቋሚ ስሕተት ቢኖርበት፣ ያልነበረ 1 ሚሊአምፒር ይቆጥራል፤ ይህ በአንድ ቀን 24 ሚሊአምፒር-ሰዓት፣ በአሥር ቀን 240 ሚሊአምፒር-ሰዓት ይሆናል፣ ማለትም ከ5,000ው ወደ አምስት ፐርሰንት የሚጠጋ። ስለዚህ ቆጣሪው ራሱን የሚያርምበት አጋጣሚ ያስፈልገዋል። ስልኩ ሌሊት ሳይነካ አርፎ ሲያድር፣ የሚሳበው ፍሰት ጥቂት ስለሆነ፣ ቮልቴጁ ወደ እውነተኛው ዋጋው ይቀርባል፤ ቺፑ ያንን ንባብ በውስጡ ካለው፣ የትኛው ቮልቴጅ ስንት ፐርሰንት እንደሆነ ከሚያሳየው የባትሪው ሠንጠረዥ ጋር አነጻጽሮ ሒሳቡን ያስተካክላል። ባትሪው ሞልቶ የመሙያው ፍሰት ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድም ሌላ መታረሚያ ያገኛል። እንደ ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ያሉ የቺፕ አምራቾች ከዚህም አልፈው ባትሪው ሲያረጅ ውስጣዊ ሬዚስታንሱ እንዴት እንደሚጨምር በሥራ ላይ እያለ የሚማሩ ስልቶችን ሠርተዋል። የሙቀት መጠንም በስሌቱ ውስጥ ይገባል። በሌላ አነጋገር ፐርሰንቱ ከቮልቴጅ፣ ከፍሰት፣ ከሙቀትና ከባትሪው ታሪክ ተቀምሮ የሚወጣ ግምት ነው። ግምት መሆኑን መናገር ማጋለጥ አይደለም፤ ከዚህ የተሻለ ነገር ማንም አምራች የለውም።

ጸሐፊው «ድሮ ሃምሳ ፐርሰንት እስከ ማታ ያደርሰኝ ነበር፣ አሁን አያደርሰኝም» ማለታቸው እውነት ነው፤ የሰጡት ትርጉም ነው የተሳሳተው። ፐርሰንት ክፍልፋይ ነው፣ አካፋዩ ደግሞ ባትሪው ዛሬ ሊይዝ የሚችለው እንጂ አዲስ ሳለ ይይዝ የነበረው አይደለም። አዲስ ሳለ 5,000 የነበረው ባትሪ ዛሬ 4,000 ብቻ የሚይዝ ከሆነ፣ ሃምሳው ፐርሰንት ከ2,500 ወደ 2,000 ወርዷል ማለት ነው። አምራቾች ይህን መቀነስ አልደበቁም፤ አፕል ለምሳሌ እስከ አይፎን 14 ያሉት ባትሪዎች በተመቻቸ ሁኔታ ከ500 ሙሉ ዙር በኋላ (አንድ ዙር የባትሪውን ሙሉ አቅም የሚያህል ቻርጅ መጠቀም ነው) 80 ፐርሰንት አቅም እንዲይዙ፣ ከአይፎን 15 ጀምሮ ያሉት ደግሞ ይህንኑ ከ1,000 ዙር በኋላ እንዲይዙ ተደርገው መሠራታቸውን ይገልጻል። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2025 ጀምሮ በገበያው የሚቀርቡ ስልኮች ከ800 ዙር በኋላ ቢያንስ 80 ፐርሰንት እንዲይዙ አስገድዷል።

የመጨረሻዎቹ ፐርሰንቶች ከመጀመሪያዎቹ ፈጥነው የሚያልቁ የሚመስሉበትም ምክንያት አለው፣ ይህን ደግሞ ጽሑፉ ፈጽሞ አላነሳውም። ቆጣሪው የሚቆጥረው ቻርጅን ነው፤ ስልኩ የሚፈልገው ግን ኃይልን ነው፣ ኃይል ደግሞ የቮልቴጅና የፍሰት ብዜት ነው። አንድ ዋት የሚፈልግ ሥራ ባትሪው 4.3 ቮልት ላይ ሳለ 233 ሚሊአምፒር ገደማ ይስባል፤ ያው ሥራ 3.5 ቮልት ላይ 286 ሚሊአምፒር ይጠይቃል። ለተመሳሳይ አገልግሎት ታች ላይ ያለው ፐርሰንት ከላይኛው በሃያ ፐርሰንት ያህል ፈጥኖ ቢያልቅ የሚያስደንቅ አይደለም።

ስልኩ መቶ ላይ ይቆያል፣ ዜሮ ሲል ደግሞ ባትሪው ውስጥ የቀረ ነገር አለ የሚሉት በከፊል ትክክል ነው፣ ይህንንም ልነፍጋቸው አልፈልግም። መቶ እና ዜሮ የት እንደሚሆኑ የሚወስነው አምራቹ ነው። ከዜሮ በታች የሚተወው ጥቂት መጠባበቂያ ስልኩ ፋይሎቹን ዘግቶ በሥርዓት እንዲጠፋና ባትሪው ከሚገባው በላይ ተሟጦ እንዳይበላሽ ያገለግላል። ከሞላ በኋላ ከቻርጀሩ ሳይነቀል የቆየ ስልክም መሙላቱን አቁሞ ትንሽ እስኪወርድ ድረስ ይጠብቃል፣ ስክሪኑ ግን መቶ ማለቱን ይቀጥላል፤ ቁጥሩ ወደ ላይና ወደ ታች እንዳይዘልም ያለሰልሱታል። አምራቾች ይህንን ለተጠቃሚው በግልጽ ቢያስረዱ ይሻል ነበር፣ በዚህ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። ነገር ግን ለደኅንነት የተተወን መጠባበቂያ ከዝርፊያ ጋር ማመሳሰል ተገቢ አይደለም።

የአፕል ጉዳይ ደግሞ ጸሐፊው ካሰቡት ተቃራኒውን ነው የሚያስረዳው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 ኩባንያው ያመነው፣ በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ በወጣው የአይፎን ሶፍትዌር፣ አይኦኤስ 10.2.1፣ አማካይነት ባትሪያቸው ያረጀ ስልኮችን ፍጥነት መቀነሱን ነው፤ ለደንበኞቹ በግልጽ ሳይናገር ማድረጉ በእርግጥም ጥፋት ነበር፣ በኋላም በአሜሪካ ክስ ላይ እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ካሳ ለመክፈል ተስማምቷል። የተነካው ግን የፕሮሰሰሩ ፍጥነት እንጂ የባትሪው ፐርሰንት አይደለም። የተነካበትም ምክንያት ያረጁ ባትሪዎች ድንገተኛ ከፍተኛ ፍሰት ሲጠየቁ ቮልቴጃቸው ስለሚወድቅና ስልኩ በሃያና በሠላሳ ፐርሰንት ላይ ሳለ ስለሚጠፋ ነበር። ጸሐፊው በማስረጃነት የጠሩት ታሪክ ራሱ፣ ዜሮ ሳይደርስ የሚጠፋ ስልክ ችግሩ ያለው በባትሪው ውስጥ መሆኑን ይመሰክርባቸዋል።

ስለ ከፍታና ብርድ የተባለው በጥቂት ቃል ያልቃል። የባትሪው ሴል የታሸገ ስለሆነ የአዲስ አበባ ከፍታ በንባቡ ላይ ለውጥ አያመጣም። ብርድ ግን ሬዚስታንሱን ስለሚጨምር፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ያረጀ ባትሪ ይበልጥ ሊደክም ይችላል፤ ጤነኛው ብዙም አይሰማውም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ፍላሽ ወደሚባለው መፍትሔ እንምጣ። በአሥራ ምናምን ፐርሰንት ላይ ይጠፋል ተብሎ፣ ቀደም ሲል ሌላ ቦታ ፍላሽ ተደርጎ የመጣ አንድ ስልክ የጥገና ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። በባትሪው መገናኛ ላይ በካውያ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች አያይዤ መልቲሜትሩን አገናኘሁ። ስክሪኑ 17 ፐርሰንት ይላል፣ መልቲሜትሩ 3.71 ቮልት። ስልኩ ሳይነካ ሲቀመጥ ንባቡ አይነቃነቅም፤ ስለዚህ 17 የሚለው ግምት ከእውነት የራቀ አልነበረም። ካሜራውን ከፍቼ በመብራት ቪዲዮ መቅረጽ ስጀምር ቁጥሩ 3.5፣ ከዚያ 3.4፣ ከዚያ ከ3.3 በታች ወርዶ ስክሪኑ ጨለመ። መልቲሜትር አዝጋሚ ስለሆነ ከዚህም የጠለቀውን ቅጽበታዊ ውድቀት አያሳይም። ስልኩ ከጠፋ ጥቂት እንደቆየ ንባቡ ተመልሶ 3.68 ላይ ቆመ። ቻርጁ በባትሪው ውስጥ አለ፣ ነገር ግን ያረጀው ሴል በሚፈለገው ፍጥነት ሊያወጣው አልቻለም። ሁለት አምፒር ሲጠየቅና ውስጣዊ ሬዚስታንሱ 0.2 ኦም ሲደርስ የሚጠፋው 0.4 ቮልት ነው፤ ከ3.71 ላይ ይህ ሲቀነስ ስልኩ የሚጠፋበት ደረጃ ይደረሳል። ባትሪው ሲቀየር ችግሩ ከነጭራሹ ቀረ። ይህን ሬዚስታንስ የሚቀንስ ሶፍትዌር የለም።

ሶፍትዌር ፈጽሞ አይሳሳትም እያልኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 2016 አፕል ራሱ፣ በአይፎን 6ኤስ ላይ ሰዓቱ በእጅ ሲቀየር ወይም ሰው ከአንድ የሰዓት ክልል ወደ ሌላ ሲጓዝ ፐርሰንቱ ሳይታደስ የሚቀርበት ስሕተት መኖሩን አምኗል። እንዲህ ያለው ግን ስልኩን አጥፍቶ በማብራት ወይም በአምራቹ ማሻሻያ የሚታረም እንጂ ፍላሽ የሚያስደርግ አይደለም። ከፍላሽ በኋላ ስልኩ የተሻለ የሚመስለውም ብዙውን ጊዜ ግምቱ እንደ አዲስ ስለሚጀምር ነው፤ ባትሪው ያው ስለሆነ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደነበረበት ይመለሳል። በአንድሮይድ ላይ የባትሪ ስታቲስቲክስ ፋይልን ማጥፋት ፐርሰንቱን ያስተካክላል የሚለው የቆየ እምነትም መሠረት የለውም፤ የጉግል የአንድሮይድ መሐንዲስ የነበሩት ዳያን ሃክቦርን ያ ፋይል የትኛው መተግበሪያ ምን ያህል እንደተጠቀመ የሚያሳይ እንጂ የባትሪውን ደረጃ የሚወስን እንዳልሆነ ከዓመታት በፊት አስረድተዋል።

በየሳምንቱ እስኪጠፋ መጨረስ የሚለው ምክር ከማይጠቅም አልፎ ጎጂ ነው። ልማዱ የመጣው ከኒኬል-ካድሚየም ባትሪ ዘመን ነው፤ ሶኒ የመጀመሪያውን የሊቲየም-አዮን ባትሪ እ.ኤ.አ. በ1991 ለገበያ ካቀረበ ወዲህ ግን ስልኮቻችን የሚሠሩበት ኬሚስትሪ ሌላ ነው። ይህ ባትሪ በመሐለኛው ክልል ሲውል ረጅም ዕድሜ ይኖረዋል፣ በሁለቱ ጫፎች ሲመላለስ ደግሞ ቶሎ ያረጃል። ቁጥሩ የሚዘላልል ስልክ ያለው ሰው አልፎ አልፎ አንድ ጊዜ ከታች እስከ ላይ ቢሞላው ቆጣሪው የመታረሚያ ዕድል ያገኝ ይሆናል፤ ይህን ሳምንታዊ ሥርዓት ማድረግ ግን ቁጥሩን ለማሳመር ባትሪውን መሠዋት ነው። አዲስ ስልክ ለስምንት ሰዓት ይሰካ የሚለውም ከዚያው ዘመን የተረፈ ነው፤ ስልኩ ሲሞላ መሙላቱን ራሱ ያቆማል።

የመለኪያ መተግበሪያውን በተመለከተ፣ ጸሐፊው የራሳቸው ስልክ ከ5,000ው 3,900 ብቻ እንዳሳያቸው ጠቅሰው «1,100 ተሰርቋል» ብለዋል። እነዚህ መተግበሪያዎች የራሳቸው መለኪያ የላቸውም፤ አንድሮይድ የሚሰጣቸውን የዚያኑ ቆጣሪ ቺፕ ንባብ ወስደው በፐርሰንቱ ለውጥ ያካፍላሉ። ፐርሰንቱ በሙሉ ቁጥር ብቻ ስለሚሰጥ፣ ከ40 እስከ 60 ብቻ ሞልቶ የለካ ሰው በሃያው ላይ የአንድ ልዩነት ቢኖር አምስት ፐርሰንት ይሳሳታል፤ በ5,000 ላይ ይህ 250 ሚሊአምፒር-ሰዓት ነው። ለመለካት የፈለገ ከዝቅተኛ ደረጃ ጀምሮ እስኪሞላ ድረስ ይለካ፣ ደጋግሞም ያነጻጽር። ደግሞም ፐርሰንቱ ውሸት ነው ያለ ሰው በዚያው ፐርሰንት ተካፍሎ የወጣን ቁጥር እንደ እውነት መቀበሉ እርስ በርሱ ይጋጫል።

ጽሑፉን ሳነብ ከሁሉ ያሳሰበኝ ግን ያልተነሳው ነገር ነው። በእኛ ከተማ ፐርሰንቱ የሚዛባበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ኮፒ ባትሪ ነው። በብዙ የአንድሮይድ ስልኮች ቆጣሪው ያለው በዋናው ቦርድ ላይ ሲሆን፣ ሥራውን የሚጀምረው አምራቹ ለኦሪጅናሉ ባትሪ ባዘጋጀው ሠንጠረዥ ነው። ላዩ ላይ 5,000 ተጽፎበት በውስጡ ከዚያ እጅግ ያነሰ የያዘ ባትሪ ሲገባበት፣ ቆጣሪው በሌለ አቅም ላይ ተመሥርቶ ያሰላል፤ ስልኩ ሠላሳ ላይ ደርሶ በአንድ ጊዜ ወደ ሦስት የሚወርደው አንዳንዴ በዚህ የተነሳ ነው። በአይፎን ደግሞ ቆጣሪው የሚገኘው ባትሪው ራስ ላይ፣ በቢጫው ቴፕ ሥር ባለችው ትንሽ ቦርድ ነው። አንዳንድ ባለሙያዎች ስልኩ የሚያወጣውን የማስጠንቀቂያ መልእክት ለማስቀረት የአሮጌውን ባትሪ ቦርድ ቆርጠው በአዲሱ ሴል ላይ ይበይዱታል፤ ፕሮግራመር በሚባለው መሣሪያ ካልተስተካከለ በስተቀር ያ ቦርድ የሚያስታውሰው የሞተውን ባትሪ አቅምና ዙር ነው። ስለዚህ ባትሪ የሚያስቀይር ሰው ፍላሽ ከመጠየቁ በፊት ለባለሙያው ሦስት ጥያቄ ያቅርብ፤ አሮጌው ባትሪ በሥራ ላይ ሳለ ቮልቴጁ ስንት ድረስ ወረደ፣ የሚገባው ሴል ኦሪጅናል ነው ወይስ ኮፒ፣ ቆጣሪው ቦርድስ የየትኛው ባትሪ ነው።